የካቲት 23 እና በመሃል የገባችው ቀን

የካቲት ሲጋመስ ከሜሪላንድ ስልክ ይደወልልኛል። የምትደውለው እህቴ ናት። ዘንድሮ ግን የደወለው ልጇ ነው። 13 ዓመቱ ነው። አማርኛው አልፎ አልፎ ቢኮላተፍም መናገር የፈለገውን አያጣም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስለ አድዋ ሊናገር ተመርጧል፤ ትልቅ ካርቶን ላይ ሥዕልና ጽሑፍ እያዘጋጀ ነው።

«ጋሼ፣ አድዋ ማርች 1 ነው ወይስ ማርች 2?» አለኝ። «ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ማርች 1 ይላል። ማሚ ግን ሁሌ ማርች 2 ነው የምታከብረው። ተሳስታ ነው?»

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። በዓሉ በተቃረበ ቁጥር ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይኸው ክርክር ይነሳል። አንዱ «በዓሉን በተሳሳተ ቀን ነው የምናከብረው» ይላል። ሌላው «የፈረንጅ መጻሕፍት ታሪካችንን አዛቡት» ብሎ ይነሳበታል። ከዚያ ስድብ ይከተላል። እውነቱ ግን ማንም አልተሳሳተም። በጦርነቱና በእኛ ዘመን መሃል አንዲት ቀን ገብታለች፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የአድዋ ጦርነት የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. እሑድ ነው። በዚያ ዕለት ሮም ውስጥ ካላንደር ያየ ሰው ያነበበው ማርች 1 ቀን 1896 የሚል ነው። ስለዚህ የፈረንጅ መጻሕፍት ልክ ናቸው። ዛሬ የካቲት 23 ደግሞ ማርች 2 ላይ ነው የሚውለው። ስለዚህ እህቴም ልክ ናት። ቀኑ ከቦታው ፈቀቅ አላለም። የተንሸራተተው በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ርቀት ነው።

እንዴት ተንሸራተተ? እኛ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን 6 እናደርጋለን። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ጳጉሜን 6 ይሆናል፤ ከዚህ ሥርዓት ዝንፍ ብለን አናውቅም። ፈረንጆቹም በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ያደርጋሉ። እስከዚህ እኩል ነን። መንገዳችን የሚለያየው መቶ ዓመት ሲሞላ ነው። የሮማው ሊቀ ጳጳስ ግሪጎሪ 13ኛ በ1582 እ.ኤ.አ. ባወጁት ሥርዓት መሠረት፣ ለ100 የሚካፈል ነገር ግን ለ400 የማይካፈል ዓመት ፌብሩዋሪው 28 ላይ ይቆማል። 1700፣ 1800 እና 1900 እንዲህ ነበሩ። 2000 ግን ለ400 ስለሚካፈል 29 ሆነ።

እንግዲህ 1900 እ.ኤ.አ. ከአድዋ አራት ዓመት በኋላ ነው። እኛ እንደ ልማዳችን በ1891 ዓ.ም. ጳጉሜንን 6 ብለን ቆጠርን። እነሱ በ1900 ፌብሩዋሪ ላይ 29ኛዋን ቀን ሳይቆጥሩ አለፉ። ከዚያ ወዲህ ርቀታችን በአንድ ቀን ሰፋ። ለአያቶቻችን ማርች 1 የነበረው የካቲት 23 ለእኛ ማርች 2 ሆነ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኔ ሁሌም ይገርመኛል። የጣሊያኑ ጄኔራል ባራቲዬሪ ወታደሮቹን ከሰፈራቸው አስነስቶ ወደ አድዋ ተራሮች ያስጓዘው የካቲት 22 ማታ ነው። ያ ማታ በእነሱ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 29 ነበር። በአራት ዓመት አንዴ በምትመጣ ቀን ተነሡ፣ ሌሊቱን በማያውቁት ገደል ውስጥ ተጠፋፉ፣ ሲነጋ የእኛ ሰው ጠበቃቸው።

ይህች አንድ ቀን ያደናገረችው አድዋን ብቻ አይደለም። ከ1900 በፊት የሆነ ማንኛውም የታሪካችን ቀን በዚሁ ወጥመድ ውስጥ አለ። አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን የሠዉት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው። እንግሊዞቹ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ብለው መዘገቡት፤ ልክ ናቸው። ዛሬ ሚያዝያ 6 የሚውለው ግን ኤፕሪል 14 ነው። ራስ አሉላ ጣሊያኖቹን የደመሰሱበት የዶጋሊ ጦርነት በጣሊያን መዝገብ ጃንዋሪ 26 ቀን 1887 ነው። ይህን ቀን በዛሬው ልዩነት የቆጠረ ሰው ጥር 18 ያገኛል። በዚያ ዘመን ልዩነት የቆጠረ ደግሞ ጥር 19 ያገኛል። እንግዲህ «ጥር 18» የሚል ጽሑፍ ስታገኙ ጸሐፊው ከየት እንዳመጣው መጠየቅ ያስፈልጋል። ከአገር ቤት መዝገብ ነው ወይስ ከፈረንጅ መጽሐፍ ቆጥሮ?

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልደት ነው። ንጉሡ የተወለዱት ኤጀርሳ ጎሮ፣ ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነው። ዓለም የሚያውቀው ጁላይ 23 ቀን 1892 ብሎ ነው። ኪንግስተን ውስጥ ራስታዎች ከበሮ የሚመቱት፣ ሻሸመኔ ውስጥም የሚሰባሰቡት ጁላይ 23 ነው። በ1892 ግን የካላንደሩ ልዩነት የድሮው ነበር። ሐምሌ 16 ያን ዓመት የዋለው ጁላይ 22 ላይ ነው። ወረቀትና እርሳስ ይዞ የቆጠረ ሰው ይህን ያገኘዋል። በአንድ በኩል የካላንደር ስሕተት ነው። በሌላ በኩል ግን ዛሬ ሐምሌ 16 በትክክል ጁላይ 23 ላይ ነው የሚውለው። የሚያከብሩት የእኛን ሐምሌ 16 ከሆነ ምንም አልተሳሳቱም።

ከዚህ ሌላ በየአራት ዓመቱ የምትመጣ ትንሽ መንሸራተትም አለች። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። ከዚያ እስከ የካቲት 21 ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ ላይ አንድ አንድ ቀን ገፋ ይላሉ። የካቲት 12 ብዙ ጊዜ ፌብሩዋሪ 19 ነው፤ በ2016 ግን ፌብሩዋሪ 20 ነበር። የካቲት 23 ከዚህ ይተርፋል፤ ፌብሩዋሪ 29 ቀድማው ስለምትመጣ በእኛ ዘመን ሁሌም ማርች 2 ላይ ያርፋል። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ድሮውኑ መላ አላት። ገና በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ይከበራል፣ በሌላው ዘመን 29። የግድግዳ ካላንደር የሚያሳትሙት ግን አንዳንዴ ይረሱታል። ቤቴ የተሰቀለ አንድ ካላንደር ነበር፤ ትልልቁ የአማርኛ ቁጥር ልክ ሆኖ ከጎኑ ያለው ትንሹ የፈረንጅ ቁጥር ከመስከረም እስከ የካቲት ድረስ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። አንድ የሐኪም ቀጠሮ ያመለጠኝ በዚያ ምክንያት ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የእኛ ብቻ አይደለም። ሩሲያዎች በ1917 አብዮት ሲያነሡ በራሳቸው አሮጌ አቆጣጠር ኦክቶበር 25 ነበር። ካላንደራቸውን ሲለውጡ ቀኑ ኖቬምበር 7 ላይ ወደቀ። ሰባ ዓመት ሙሉ «የጥቅምት አብዮት»ን በኖቬምበር አከበሩ። በደርግ ዘመን አዲስ አበባም ይህ በዓል ይታሰብ ነበር። ኖቬምበር 7 ደግሞ በእኛ ጥቅምት 28 ነው። የጥቅምት አብዮት በእውነት በጥቅምት የታሰበው እኛ ጋ ነበር ማለት ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ሒሳብ ነው። ሒሳቡ ግን የታሪኩ ቀላል ክፍል ነው። ከባዱ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ ነገር የሚታሰብበትን ቀን ማን ይመርጣል?

ሚያዝያ 27ን እንመልከት። ጣሊያኖች በማርሻል ባዶሊዮ እየተመሩ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ንጉሡ ከሦስት ቀን በፊት በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጥተው ነበር። ከተማዋ በመሃሉ ባሉት ቀኖች ተዘርፋና ተቃጥላ ነው ጠላት የደረሰባት። ከዚያ አምስት ዓመት አለፈ። በ1933 ጥር ላይ ንጉሡ ከሱዳን ተነሥተው በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻገሩ። የእንግሊዙ ጄኔራል ከኒንግሃም ጦር ደግሞ ከደቡብና ከምሥራቅ መጥቶ መጋቢት 28 ቀን 1933 አዲስ አበባ ገባ። ጠላት ከዋና ከተማዋ የወጣው ያን ቀን ነው።

ንጉሡ ግን ወዲያው አልገቡም። እንግሊዞቹ ከተማ ውስጥ ስላሉት ብዙ ሺህ ጣሊያን ሲቪሎች ሰግተው አቆዩዋቸው። ንጉሡ ደብረ ማርቆስ ነበሩ። ትዕግሥታቸው ሲያልቅ ጉዞ ጀመሩ። በእንጦጦ በኩል ወርደው የገቡት ሚያዝያ 27 ነው። ጠላት በገባባት በዚያችው ቀን፣ ልክ በአምስተኛ ዓመቷ። ይህ በአጋጣሚ አይሆንም። ንጉሡ የቀን ትርጉም የሚያውቁ ሰው ነበሩ። የውርደቷን ቀን በድል ቀን ሸፈኗት። ዛሬ «ሚያዝያ 27» ብለን ስንጠራ ባዶሊዮ ትዝ የሚለው ሰው በጣም ጥቂት ነው። እኔ ከኢትዮጵያ የመታሰቢያ ቀኖች ሁሉ በብልሃት የተመረጠው ይህ ነው እላለሁ።

ደርግ ሲመጣ ይህን አልወደደውም። የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው። መከራከሪያ ነበረው፤ ጠላት ከከተማዋ የወጣው መጋቢት 28 ነው፤ ሚያዝያ 27 የንጉሥ መግቢያ እንጂ የአገር ነጻነት አይደለም። በቁጥሩ ካየነው አልተሳሳተም። የፈለገው ግን ቁጥር ማቃናት አልነበረም። ንጉሡን ከበዓሉ ማውጣት ነው የፈለገው። ደርግ ሲወድቅ በዓሉ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። በመሃል የተወለደ ትውልድ በልጅነቱ መጋቢት 28 ሲያከብር አድጎ ለልጆቹ ሚያዝያ 27 ብሎ ነገረ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ሁለቱንም ቀን ሬዲዮ ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። አርበኞቹ ግን በሁለቱም ቀን ያው አርበኞች ነበሩ። ጫካ ውስጥ አምስት ዓመት ያሳለፈ ሰው በዓሉ በየትኛው ወር ዋለ ብሎ ክብሩ አይቀንስበትም። የቀነሰበት ነገር ቢኖር ጡረታውና መጠለያው ነበር፤ እሱ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ቁጥሩ ራሱም ለእኛ ባዶ ቁጥር አይደለም። 23 ሲባል ማንኛዋም እናት «ጊዮርጊስ ነው» ትላለች። አድዋ የተዋጋው ሰው በጊዮርጊስ ቀን እንደሚዋጋ ያውቅ ነበር፤ ታቦቱም አብሮት ዘምቷል። አዲስ አበባ ፒያሳ ላይ የምኒልክ ሐውልት የቆመው ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ የነገሡትም በዚያው ቤተ ክርስቲያን፣ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ነው። እዚህም 23ን እናገኛታለን። «ማርች 1» ወይም «ማርች 2» ብለን ብቻ ስንጽፍ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ቀኑ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ጊዮርጊስ ግን ውስጡ የለም። ለዚህ ነው በየትኛውም ቋንቋ ስንጽፍ የራሳችንን ቀን አስቀድመን እንጻፍ የምለው። የፈረንጁ ከኋላ ይከተል፤ ሲከተልም በዚያ ዘመን ልዩነት ይቆጠር።

በእስራኤል ያሉት ወገኖቻችን ሌላ ዓይነት ችግር ነበረባቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ለመድረስ ከተነሡት ቤተ እስራኤል መካከል 4 ሺህ ገደማ የሚሆኑት በመንገድና በስደተኛ ካምፕ አልቀዋል። በረሃብ፣ በበሽታ፣ በሽፍታ እጅ። የሞቱበትን ቀን የመዘገበ የለም። አንዲት እናት ልጇን የቀበረችበትን ወር እንጂ ቀኑን አታውቅም። ታዲያ በየትኛው ቀን ይታሰቡ? የኢየሩሳሌም ቀን ተመረጠ፤ በዕብራይስጥ አቆጣጠር ኢያር 28። የተነሡት ለኢየሩሳሌም ነበር፤ እዚያው ኢየሩሳሌም ባለው ሄርጽል ተራራ ላይ በስማቸው ጸሎት የሚደረገውም በዚያ ቀን ነው። የሞት ቀን ሲጠፋ የምኞቱ ቀን ተተካ። እኔ ይህን ምርጫ ሳስብ ሆዴ ይባባል።

እንግዲህ ወደ የካቲት 12 ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አርብ ዋለ። የጣሊያን እንደራሴ የነበረው ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን አስመልክቶ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሰው ሰብስቦ ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ። ከዚያ የሆነውን መግለጽ ይከብዳል። መጀመሪያ ግቢው ውስጥ ለምጽዋት የተሰለፉት ዓይነ ስውራን፣ አዛውንትና ሴቶች ላይ ተተኮሰ። ማታ ደግሞ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ በየሰፈሩ ተለቀቁ። ሦስት ቀን ሙሉ፣ የካቲት 12፣ 13 እና 14፣ በር እየተቆለፈ ጎጆ ከነሰዉ ተቃጠለ። ከጦርነቱ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ለዓለም ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30 ሺህ ነው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ከዚህ ዝቅ ያለ ግምት ሰጥተዋል። በየትኛውም ቁጥር ብንሄድ የአንድ ከተማ ሕዝብ ትልቅ ክፋይ ነው። በግንቦት ደግሞ ተራው የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ሆነ።

ግራዚያኒ ለዚህ አንድም ቀን አልተጠየቀም። በ1950 እ.ኤ.አ. ጣሊያን ውስጥ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ 19 ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ወጣ። በ2012 እ.ኤ.አ. አፊሌ የምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ሠራችለት። ያን ጊዜ ሮምም ዋሽንግተንም ያሉ ኢትዮጵያውያን አደባባይ ወጥተው ጮኸዋል። እህቴም ከነሱ አንዷ ነበረች፤ ልጁ ገና አልተወለደም።

በንጉሡ ዘመን የካቲት 12 ሥራ የሚዘጋበት ቀን ነበር። ዛሬ አይዘጋም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ሥራ መዝጋት ብቻውን ሰው እንዲያስታውስ አያደርግም፤ ብዙ የሚዘጋባቸው ቀኖች በእንቅልፍ እንደሚያልፉ አውቃለሁ። ግን አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ያልሄደበትን ምክንያት ይጠይቃል። ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው ይፈልጋል። የካቲት 12 ያንን ጥያቄ ያጣ ቀን ነው። አድዋ በአስራ አንድ ቀን ይከተለዋል፤ ደማቅ ነው፣ ጥበቡ፣ ጎፈሩ፣ ሽለላው። ድልን ማክበር ደስ ይላል። ስማቸው ያልተጻፈ ሟቾችን ማሰብ ዝም ብሎ መቆምን ይጠይቃል፤ ለሱ አንድ ሙሉ ቀን ብንሰጥ አይበዛም።

ባለፈው የካቲት 12 ጠዋት ስድስት ኪሎ ነበርኩ። አርበኞቹ አበባ ለማስቀመጥ መጥተዋል። አንድ አዛውንት ደረታቸው ሙሉ ሜዳሊያ ነው፤ ሲራመዱ ይንሿሿል። ሐውልቱ ሥር ባለው ቅርጽ ላይ የወደቁ ሰዎች አሉ፣ እናትም አለች። አዛውንቱ ከዘራቸውን ተደግፈው የቅርጹን ጠርዝ በእጃቸው ዳሰሱ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከጀርባቸው ሚኒባሱ «አራት ኪሎ! ፒያሳ!» ይላል። ሥነ ሥርዓቱ ሲያልቅ ታክሲ አልያዝኩም፤ ቁልቁል በእግሬ ወረድኩ። ከየካቲት 12 አደባባይ ሚያዝያ 27 አደባባይ፣ ማለትም ከስድስት ኪሎ አራት ኪሎ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። በጊዜው ግን አራት ዓመት ከሁለት ወር ፈጅቷል።

ለእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ በስልክ አልነገርኩትም። የነገርኩት ስለ ጳጉሜን 6 ነው፣ ስለ 1900 እና ስለ ጊዮርጊስ። በሁለተኛው ቀን የካርቶኑን ፎቶ ላከልኝ። ከላይ በግዕዝ ቁጥር «የካቲት ፳፫» ብሎ በቀይ ጽፏል። ፳ዋ ትንሽ ተጣማለች። ከሥሯ «1888»፣ ከዚያ ዝቅ ብሎ ማርች 1 ቀን 1896። ከታች ጥግ ላይ ደግሞ ሌላ ቀን አለ፦ ማርች 3 ቀን 2100።

ደወልኩለት። «ይቺ ምንድን ናት?»

«ቆጠርኩት» አለኝ። «2100 ለ400 አይካፈልም። ስለዚህ ያኔ የካቲት 23 ማርች 3 ይሆናል። እኔ 87 ዓመቴ ነው። አንድ ሰው ደውሎ ይጠይቀኛል።»

እኔም በእርሳስ ቆጠርኩት። ልክ ነው።